«አላት» በአረንጓዴ ቀለም

ጽሑፉን ያነበበችው ተገልብጦ ነው። በቤቶች ጽሕፈት ቤት መስኮት አራት ላይ የምትሠራው ባለመነጽር ፋይሉን ወደ ራሷ አዙራ ስለያዘችው፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ፊደል ሁሉ በአናቱ ቆሞ ነበር። ዚፒቱን ግን አላሳታትም። ያንን አረንጓዴ ቀለም፣ ያንን ወደ ቀኝ ጋደም የሚል የእጅ ጽሕፈት የትም ብታየው ታውቀዋለች። በዚያው እጅ የተጻፉ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ትራሷ ውስጥ ተሰፍተው ተቀምጠዋል።

«ምን አሉኝ?» አለች፣ አጥርታ ሰምታ ሳለ።

«ማመልከቻሽ ታግዷል አልኩሽ። መልሶቹ አልተጣጣሙም።» ባለመነጽሯ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መስመሩን ነካች። «ጥያቄ አሥራ ሰባት። 'አመልካቿ ልትጠጋበት የምትችል ሌላ መኖሪያ አላት ወይ? ካላት የት?' አንቺ 'የለንም' ብለሻል። አከራይሽ በሞሉት ቅጽ ላይ ደግሞ 'አላት' ይላል። 'አላት፤ እዚሁ ግቢ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ።' አድራሻው ሳይቀር ተጽፏል።»

«ይሄ...» ዚፒቱ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። «ይሄ ስሕተት ነው።»

«ስሕተት ከሆነ የሞሉትና የፈረሙት ሰዎች በእጃቸው ያርሙታ። እስከ ማክሰኞ ድረስ። ካልታረመ መረጃ ደብቃለች ተብሎ ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ ለሁለት ዓመት ማመልከት የለም። ደረጃ የማይወጣበት ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ካንቺ ቀጥሎ ያሉት ሴትዮ በየቀኑ እየመጡ ይጠይቁኛል።»

«ውሸታም ነሽ እያሉኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እህቴ። ወረቀቱ ነው ያለው።»

ይህን ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ ሰው የዚፒቱ ንዴት ላይገባው ይችላል። ጥያቄው አርባ ሁለት ነው። የት ተወለድሽ፣ ስንት ቤት ኖርሽ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ትተኛላችሁ፣ ሽንት ቤቱን ከስንት ሰው ጋር ትጋራላችሁ፣ አባትሽ ራሳቸውን ችለው ይታጠባሉ ወይ፣ ከጎረቤት ተጣልተሽ ታውቂያለሽ ወይ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በዚሁ መስኮት ላይ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ፣ አንድ በአንድ መልሳለች። «ከቤት ተባረሽ ታውቂያለሽ?» ሲሏት «አዎ» አለች። «ስንት ጊዜ?» «ሦስት።» «ጥፋትሽ ምን ነበር?» «ቤቱ የእኔ አለመሆኑ።» ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እጮኛ ወይም የትዳር ጓደኛ አለሽ?» የሚለው ላይ ብቻ ነበር አንዴ ቆም ያለችው። ከዚያ እሱንም «የለኝም» ብላ አለፈችው።

ገመናዋን በሙሉ በዚያች ቀዳዳ አሾልካ፣ የቀራት ነገር ቢኖር እውነተኛነቷ ነበር። አሁን እሱንም አንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ ወሰደባት። የማረሚያውን ቅጽና የፋይሉን ቅጂ ከባለመነጽሯ እጅ ተቀብላ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ቆሽቷ አሮ ነው።

*

ሰፈሩ ዚፒቱ የሚላት ዚፕ ጠጋኝ ስለሆነች ነው። በአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር ቁምሳጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ የሻንጣ፣ የቦርሳ፣ የጃኬት ዚፕ ትቀይራለች። ስሙን ያወጡላት ተረበኞች ሌላም ምክንያት አላቸው፤ ዝም ስትል ጥርቅም ነው፣ አንዴ ከተከፈተች ግን የሚዘጋት አይገኝም።

የአከራይዋ ልጅ፣ መምህሩ፣ መጀመሪያ ሱቋ የመጣ ጊዜ ዚፑ እውነትም ተበላሽቶ ነበር። የተማሪ ፈተና የሚይዝበት ጥቁር ቦርሳ ነው። እሷና አባቷ የሚኖሩበት ግቢ የእናቱ ነው፤ እሱ በትልቁ ቤት፣ እነሱ በጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት። በግቢው ውስጥ ሲተላለፉ «እንደምን ዋሉ፣ መምህር» «ደህና» ነበር፣ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛ ጊዜ ቦርሳውን ሲያመጣ ዚፑን አንዴ ከፈተችው፣ አንዴ ዘጋችው፣ ምንም የለበትም። የውስጥ ኪሱን ስትፈትሽ ግን በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ቀይ ቀለም ተማሪዎቹን ያስደነግጣል ብሎ ሁልጊዜ በአረንጓዴ ነው የሚያርመው፤ ለእሷም በዚያው ጻፈላት። መልሱን እዚያው ኪስ ውስጥ ከትታ «ዚፑ ድኗል» ብላ ሰደደችው። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ያ ዚፕ አሥር ጊዜ ታመመ።

ደብዳቤዎቹ ቆንጆ ነበሩ፣ ይህን አትክድም። ስለ እጇ ጽፎላታል። መርፌ የወጋው ጣቷ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሲያያት ቀኑን ሙሉ ማስተማር እንዳቃተው ጽፎላታል። «ለእማዬ ልነግራት ነው» ብሎም ጽፎላታል፤ አራት ጊዜ። ከዚያ ያቺው «እማዬ» ሰርቪሱ ሊፈርስ ነው፣ ለልጄ መኪና ጋራዥ ይሠራበታል ብላ ቤቱን እንዲለቁ በወረቀት አስታወቀቻቸው። ልጁ መኪና የለውም። መኪና የመንዳት ሐሳብም የለው። ቢሆንም ትንፍሽ አላለም።

ሱቋ ስትደርስ አባቷ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የዚፕ ጥርስ በየመጠኑ ይለያሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከመኪናው ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ናቸው። ፊቷን አይተው ገና ሳትናገር «ልጄ፣ ማርሽ ቀንሺ» አሏት።

«ፍሬን የለኝም ዛሬ፣ አባዬ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። አንብበው ጨረሱና አረንጓዴውን ጽሑፍ በጣታቸው ተከተሉት።

«የሴትዮዋ እጅ አይደለም ይሄ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ቆየ። ያ ዚፑ አልድን ያለው ልጅ ነው የጻፈላቸው፣ አይደል?»

ዚፒቱ ክው አለች። «አባዬ፣ እርስዎ...»

«ሾፌር እኮ ነኝ። ኋላዬን በመስታወት አያለሁ።» ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። «ምን ማለቱ ነው? ትልቁ ቤት የምንገባው እኔና አንቺ ነን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው የሚያውቀው!»

ሱቁን ቆልፋ አባቷን ወደ ቤት ይዛ ሄደች። አባቷ ሁለት ወር ሙሉ ሻንጣቸውን ሸክፈው ተቀምጠዋል፤ በየማለዳው «ደረጃ የለውም ነው ያሉሽ?» ብለው ይጠይቋታል። ዛሬ ሳይጠይቋት መቅረታቸው ነው አንጀቷን የበላት።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ግቢውን አቋረጠችና ሦስት ዓመት ሙሉ ገብታበት በማታውቀው የፊት በር ገባች። ሳሎኑ ውስጥ አከራይዋ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈለት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ፈተና ያርማል።

«ማነው?» አሉ አከራይዋ ዓይናቸውን አጥብበው። «ኧረ አንቺ ነሽ? ምን ሆነሽ ነው በዚህ በር? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው አልሞተም፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመጣሁት ለመምህር ነው።» ወደ ጠረጴዛው ዞረች። በመንገዱ ሁሉ ስታስተካክለው የመጣችው ጨዋ ንግግር ከአፏ ጠፋ። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

መምህሩ ብድግ አለ። አንድ ሁለት ወረቀት መሬት ወደቀ።

«ምን?» አሉ እናትየዋ። «ማንን ነው አንተ የምትይው?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ዚፒቱ ቅጂውን በፈተናዎቹ ላይ በጥፊ እንደሚመታ ሰው አሳረፈችው። «አንብበው። ጮክ ብለህ። እናትህም ይስሙት፣ እሳቸው ናቸው የፈረሙበት።»

«እባክሽ፣ እንነጋገር፣ ውጪ...»

«ውጪ ብዙ ተነጋግረናል። አንብብ አልኩህ!»

አነበበ። ክፍል ውስጥ መልሱ የጠፋበት ተማሪ ይመስል ድምፁ ወርዶ፣ ጥያቄውንም መልሱንም አነበበው። «አላት፤ እዚሁ ግቢ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ።»

አከራይዋ ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ አንድ የማያውቁት ሌላ ትልቅ ቤት ግቢያቸው ውስጥ የበቀለ ይመስል። «የቱ ትልቁ ቤት?»

«ይሄ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ እንዲህ ብለህ ጻፍ አልኩህ?»

«አላልሽኝም።»

«ታዲያ ማን አለህ?»

መምህሩ ወደ እናቱ አልዞረም። ዚፒቱን ነበር የሚያያት። ያ ዓይን ነው አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ያሰበችውን ሲያስረሳት የኖረው፤ ዛሬ ግን አልተበገረችለትም።

«ጥያቄው የሚለው 'አላት ወይ' ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ብዙ አሰብኩበት። የላትም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። እኔ እያለሁ እንዴት የለሽም? ባዶ ልተወው አልኩ፣ ባዶ ደግሞ አልወድም። አላትማ። እኔ አለሁላት። እንደሱ ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ይህን በቦርሳ ኪስ ውስጥ ብታገኘው፣ ሳምንት ሙሉ ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ደሟ ፈላ።

«አለሁላት? የት ነው ያለኸው? አሳየኝ! ከነዚህ ወንበሮች የቱ ነው የእኔ? አባቴ የቱ ጋ ነው የሚተኙት፣ ላስቲኩ ላይ? ሦስት ዓመት እዚህ ቤት የገባሁት በጓሮ በር ነው፣ እሱም የቤት ኪራይ ላደርስ። አንተ እያየኸኝ! አንድ ቀን 'ተቀመጪ' ብለኸኛል? በዚህ ቤት ውስጥ 'ተቀመጪ' የሚል ቃል ካፍህ ወጥቶልኛል?»

«ልነግራት ነበር እኮ...»

«ለማን? ለቤቶች ጽሕፈት ቤት ነገርክ! ለመስኮት ቁጥር አራት ነገርክ! ለባለመነጽሯ ነገርክ! ለእናትህ አልነገርክም፣ ለኔም አልነገርክም። አሁን መሥሪያ ቤቱ እኔን ውሸታም ብሎ ሊመዘግበኝ ነው። ቤቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። አባቴ ሻንጣቸውን ሸክፈው ተቀምጠዋል፣ ገብቶሃል? እስከ ማክሰኞ ነው ያለኝ!»

መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን... ይሄን አላወቅሁም። ቤቱን ያስከለክልሻል ብዬ በፍጹም...»

«አልጠየቅህማ! ምን ታውቃለህ!»

እናትየዋ ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የገባቸው። ሲገባቸው ግን አንድ ላይ ነው የመጣባቸው፤ ከሶፋው ብድግ ሲሉ ላስቲኩ ጮኸ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። አንተና እሷ?» አሉ። «እኔ በዓይኔ ምክንያት አምኜህ እጄን ይዘህ ስታስፈርመኝ፣ የፈረምኩት ይሄን ነው? ልጄ፣ አሾፍክብኝ! ከዚያች ከጓሮ ክፍል አውጥተህ እዚህ ልታስቀምጣት! አምጪ ወረቀቱን! አምጪው! የላትም! እኔ ቤት ቦታ የላትም! አሁኑኑ እፈርማለሁ፣ የታለ እስክሪብቶ?»

ዚፒቱ የማረሚያውን ቅጽ አውጥታ ዘረጋችው። የሚገርመው፣ በዚህ ቤት ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አንድ የሆነላቸው እሷና አከራይዋ ነበሩ።

«ጻፍ» አለችው። «'የላትም' በል። ከዚያ እትዬ ይፈርሙ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አላነሳም።

«አልጽፍም።»

«ምን?»

«ማክሰኞ አብሬሽ ሄጄ ላስረዳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው። ግን የላትም ብዬ በእጄ አልጽፍም። አንቺን እንዴት የላትም እላለሁ?» ጣቱ ከቅጂው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲያርፍ ዓይኑም እዚያው ቀረ። «አንቺ ግን ብለሻል» አለ። «'እጮኛ፤ የለኝም።'»

ዚፒቱ ይህን አልጠበቀችም። ቅጂው ላይ የእሷም መልስ እንዳለበት ረስታዋለች። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ነገር እንደ መርፌ ነው የወጋት፤ ግን ወደኋላ አላለችም።

«ብያለሁ። ምን ልበል? 'አንድ ሰው አለኝ፣ ቦርሳ ያመጣል' ልበል? አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈህልኛል። ስለ ጣቴ ጽፈሃል። ስለ ዝናብ ጽፈሃል። አንዱ ላይ እንኳ ታገቢኛለሽ አይልም። እየፈለግኩ ነው ያነበብኩት፣ ታውቃለህ? እያንዳንዱን ገልብጬ ጀርባውን አይቻለሁ፣ ምናልባት እዚያ ጽፎት ይሆናል ብዬ። ያቺ ሴትዮ 'እጮኛ አለሽ ወይ' ስትለኝ የዋሸሁ መስሎሃል? እውነቱን ነው የተናገርኩት። ሁለታችንም እውነታችንን ነው የጻፍነው፤ የኔ እውነት ያሳፍራል፣ ያንተ ደግሞ ቤት አሳጣኝ!»

ድምጿ ተሰበረ። ቢሰበርም ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም። መምህሩ ቅጂውን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እወዳታለሁ።»

«ዝም በል።»

«ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት። እወዳታለሁ። ዚፔ ተበላሽቶ አያውቅም። ጋራዥም አልፈልግም፣ መኪና የለኝም እማዬ፣ መኪና አልጠየቅኩሽም። ፈርቼሽ ነው ያልነገርኩሽ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ስንት ልጅ ፊት ቆሜ 'ደፍራችሁ መልሱ' እላለሁ፣ አንቺን ግን ፈርቼ ነው።»

አከራይዋ ወደ ድምፁ ዞሩ። ልጃቸውን ይመለከታሉ፣ ዓይናቸው ግን አጥርቶ አያሳያቸውም፤ ፊቱን ለማየት አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ ያደርጋሉ። ከዚያ ተቀመጡ።

ዚፒቱ ይህን ቃል አንድ ዓመት ተኩል ጠብቃዋለች። ሲመጣ ደስታ ብቻ ይዞ የሚመጣ ይመስላት ነበር። እሷ ግን አሁንም እንደተናደደች ናት፣ ልቧ ደግሞ በንዴቷ መሃል ይመታል፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

«አሁን ጻፍ» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሁንም?»

«አሁን ነው እንጂ። እኔም እወድሃለሁ። ስለምወድህ ነው የምልህ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መድረሻ አጥቼ አንተ ቤት አልገባም። ዛሬ ብገባ፣ እናትህ ዕድሜ ልካቸውን 'መጠጊያ ስታጣ ልጄ ላይ ተለጠፈች' ይሉኛል። እሳቸው ቢተዉት እንኳ እኔው ለራሴ እለዋለሁ። ስንጣላ እለዋለሁ፣ ስታመም እለዋለሁ። አልፈልግም። አባቴን ደረጃ በሌለው ቤት አስገባለሁ፣ የራሴ ቁልፍ ይኖረኛል፣ በር ይኖረኛል። ያን ጊዜ መጥተህ አንኳኳ። ልክፈትልህ አልክፈትልህ አላውቅም። ግን በሩ የእኔ ይሆናል። ይሄን ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መምህሩ ቁጭ አለ። አረንጓዴውን እስክሪብቶ አነሳ። ፈተና ሲያርም ሳያስብ እንደ ውሃ የሚፈስ እጅ ያችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተነሳ፣ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሲጽፋት ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ድረስ ተጭኗት ነው። «የላትም።» ከሥሩ ስሙን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ለእናቱ አቀበላቸው።

ወረቀቱ ወደ አከራይዋ ሄደ። ቅድም አምጪው አምጪው ሲሉ የነበሩት ሴትዮ አሁን እስክሪብቶውን ይዘው ቀሩ። «የት ላይ ነው?» አሉ በደከመ ድምፅ። ልጃቸው ጣታቸውን ይዞ ቦታው ላይ አደረገላቸው። ከመፈረማቸው በፊት ወደ ዚፒቱ ቀና አሉ። «አባትሽ... እውነት ደረጃ አይወጡም?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እግቢዎ ውስጥ ሲያነክሱ፣ እትዬ፣ ድምፁንም አልሰሙትም?»

ፈረሙ። ዚፒቱ ወረቀቱን ተቀብላ በገባችበት በፊት በር ወጣች። ከፊት በር እስከ ሰርቪሷ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ለቅሶዋ መጣባት፣ ስምንተኛው ላይ መሳቅም አማራት፣ አባቷ ዘንድ ስትደርስ ሁለቱንም መደበቅ አቃታት።

*

ማክሰኞ ጠዋት ባለመነጽሯ የማረሚያውን ቅጽ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አድርጋ አየችው። አንደኛው «አላት» ይላል፣ ሌላው «የላትም»፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች።

«ይሄን የጻፈው ሰው ወረቀቱን ሊቀደው ነበር እንዴ? እዪው፣ በጀርባው ይዳሰሳል።»

«አዎ» አለች ዚፒቱ። «ከብዶት ነው።»

ባለመነጽሯ ሌላ አልጠየቀችም። ማኅተሙን ቀለም ነክራ መታችው። ዚፒቱ ያንን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር የወረደላት መሰላት። አጠገቧ ምርኩዛቸውን ይዘው የቆሙት አባቷ «ደረጃ የለውም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም፣ ጋሼ። ቁልፉን አርብ ይረከባሉ።» ባለመነጽሯ ገጹን ገለበጠች። «አንድ ነገር ቀርቷል። 'ከአመልካቾቹ ጋር ወደፊት አብሮ የሚኖር ሌላ ሰው።' ማን ልበል? ከሌለ የለም በዪኝ፣ ባዶ አይተውም።»

«የለም» ለማለት አፏን ከፈተች። ያቺን ቃል ግን አንዴ ብላታለች፣ በዚሁ መስኮት ላይ። ሁለተኛ አልደግማትም አለች በልቧ።

«ባዶ ይሁንልኝ» አለች።

«ለምን?»

«የሚሞላው ሰው ገና አልጠየቀኝም።»

ባለመነጽሯ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ አረንጓዴዎቹን ወረቀቶች አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የሰው ፊት ታየ። «ቤት ከገባችሁ በኋላም መሙላት ይቻላል» አለችና ፋይሉን ዘጋችው።

ሲወጡ መምህሩ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። አልተሻገረም። ጥቁሩን ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ዚፒቱ ስታየው ያ ንዴት እንደገና ቱግ አለባት፤ ሰው ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ በመኪናዎቹ ላይ ጮኸችበት።

«ዚፑ ምን ሆነ ደግሞ?»

«ምንም አልሆነም!»

«ታዲያ ምን ፈለግክ?»

«ምንም የለውም! ዛሬ ምንም አልሆነም ልልሽ ነው!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «በሩን መቼ ነው የማንኳኳው?»

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሰማይ አዩ። መንገደኛው ሁሉ ይሰማል፤ መምህሩ ግን አንገቱን አልደፋም።

«አርብ!» አለችው። «አርብ ነው!»

ከዚያ የአባቷን ክንድ ይዛ ሄደች፣ አልዞረችም። ተናዳለች፣ ገና ብዙ የምትለው አላት፣ በር ላይ አቁማ የምትጠይቀው የራሷ አርባ ሁለት ጥያቄ አላት። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። አርብ ራቀባት።